የትራፊክ ፖሊሱ ጥፍሮች

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም «ፊሽካው» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ መኪና ሲያስቆምና ሲያሳልፍ የኖረ ትራፊክ ፖሊስ ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ሲስቅ እንኳ ትከሻው የማይነቃነቅ ሰው። ሙዚቃ ነፍሱ ነው፤ ግን ከፊሽካ በቀር ምንም ነገር ነፍቶም መትቶም አያውቅም።

መንገዱ ጥግ ካለው ፎቅ ላይ ከሰዓት በኋላ አንድ መስኮት ይከፈትና ጊታር ይሰማል። ለስለስ ብሎ የሚያባብል ዓይነት አይደለም። አንዴ እንደ ዶፍ ይወርዳል፣ አንዴ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ኳ ኳ ያደርጋል፣ ከዚያ ድንገት ጸጥ። አንድ ቀን ፊሽካው ጆሮውን ሰጥቶ ሲያዳምጥ መኪኖቹን ጭራሽ ረሳቸው። በአራቱም አቅጣጫ ጥሩንባ ሲጮህበት ነው የባነነው። የዚያን ዕለት ከሥራ እንደወጣ ደረጃውን ወጥቶ በሩን አንኳኳ።

የከፈቱለት ጡረታ የወጡ የሙዚቃ አስተማሪ ናቸው። ዩኒፎርሙን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ልጄ፣ እኔ መኪና የለኝም» አሉት።

«አይ እትዬ፣ ለሱ አይደለም። ይሄን የሚጫወቱትን ነገር ያስተምሩኝ እንደሆነ ልጠይቅዎት ነው።»

«ይሄ እኮ ፍላሜንኮ ነው፣ የስፔኖች የጊታር ጨዋታ። ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ሃምሳ ልደፍን ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«እኔ ፍላሜንኮ የጀመርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ግባ።»

ጊታሩን ቀኝ ጭኑ ላይ አስቀመጡለት። መጀመሪያ ያስተማሩት የአውራ ጣትን ሥራ ነው። ጣቱ ክሩን ይገፋል፤ ወደ ላይ ሳይነሳ ቀጥሎ ያለው ክር ላይ ያርፋል። ይህን ቶሎ ያዘው። መከራው የመጣው ከሌሎቹ አራት ጣቶች ጋር ነው። መጀመሪያ ይጨበጣሉ፤ ከዚያ ከትንሿ ጣት ጀምሮ፣ ልክ ከእጅ ላይ ውሃ እንደማራገፍ፣ አንድ በአንድ ወደ ውጭ ይወረወሩና ክሮቹን በጥፍራቸው ይጠርጋሉ። ድምፁ ሳይቆራረጥ መንከባለል አለበት። የፊሽካው ጣቶች ግን ሰልፍ ላይ እንዳለ ወታደር እኩል ወጥተው ክሮቹ ላይ ግው ይላሉ። የቀለበት ጣቱማ ብቻውን አልወጣም ብሎ ድርቅ አለ።

አስተማሪዋ መዳፉን ይዘው አገላብጠው አዩት። «እጅህ አሁንም መኪና እያስቆመ ነው። ከሥራ ወጥተናል በለው እንጂ» አሉት።

ሳቁ አመለጠው። እየሳቀ እያለ አንጓው ላላና የቀለበት ጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ብቅ አለ።

«አየህ፣ ይህ ጣት ተቆጪ አይወድም» አሉና አሮጌ ጊታራቸውን አዋሱት።

ከዚያ ወዲያ ፊሽካው ያገኘው ነገር ሁሉ ላይ ይለማመድ ጀመር፦ ጉልበቱ ላይ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ አውቶቡስ ሲጠብቅ የቆመበት ብረት ላይ። ቴሌቪዥን ሲያዩ ደግሞ የሚስቱ ትከሻ ላይ። ሚስቱ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። «ያገባኸው እኔን ነው ትከሻዬን?» ትለዋለች።

የጥፍሩ ነገርም አለ። ክር የሚጫነው የግራ እጁ ጥፍር እስከ ሥጋው መቆረጥ አለበት፤ የቀኙ ማደግ አለበት። ሥራ ላይ ነጭ ጓንት ስለሚያደርግ ማንም ልብ አላለውም። አንድ ቀን የአንድ ታክሲ ሞተር መሃል መንገድ ላይ ጠፍቶ ቀረና ጓንቱ እንዳይቆሽሽ አውልቆ ሲገፋ፣ የጠቋሚ ጣቱ ጥፍር ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ፊሽካው መግፋቱን ትቶ ጣቱን ያዘ።

«ምነው፣ ተጎዱ እንዴ ጌታዬ?» አለው ታክሲ ነጂው።

«ጥፍሬ» አለ ፊሽካው። ነጂው ምን ብሎ እንደሚያጽናናው ጨንቆት ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ሚስቱ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በማግስቱ ግን ጥፍር የሚያጠነክር ቀለም አልባ ቅባት ይዛ መጣችና ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ቀባችው። «አትንቀሳቀስ፣ ይዝረከረካል» ትለዋለች። እሱ እንደ ሕፃን እጁን ዘርግቶ እፍ እፍ ይላል።

ችግሩ በሳምንቱ አለቃው ለቁጥጥር አሰልፈው «ጓንት አውልቁ» ማለታቸው ነው። ፊሽካው ፊት ሲደርሱ ቆሙ። የግራው ጥፍር እስከ ሥጋው የተቆረጠ፣ የቀኙ ረጅምና የሚያብለጨልጭ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጊታር ነው፣ ጌታዬ።»

«እኔ የማየው ጥፍር ነው።»

ፊሽካው ነገሩን አስረዳ። አለቃው ትክ ብለው አዩትና «እንግዲያው ነገ ይዘኸው ና» አሉ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ጓደኞቹ ክፍሉን ሞልተው ጠበቁት። በአውራ ጣቱ ጀመረ፤ ጣቶቹን አስከተለ፤ የጊታሩን እንጨት ኳ አደረገ። አንድ ቦታ ሳተና እንደገና ጀመረ። ይሄኔ አለቃው ደስ ብሏቸው ያጨበጭቡ ጀመር፤ ግን ምቱ ሌላ፣ ጭብጨባው ሌላ። ፊሽካው ሳያስበው የግራ መዳፉን ቀጥ አድርጎ አነሳባቸው። ቁም ማለቱ ነው።

አለቃው እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። «እሺ፣ መቼ ልግባ?» አሉ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፊሽካው በአገጩ እያመለከተ የሚያጨበጭቡበትን ቦታ አሳያቸው፤ አለቃውም ምቱን ያዙት። ጥፍሩም ጓንት ውስጥ እስካለ ድረስ ተፈቀደለት።

ያ የሚንከባለለው ድምፅ ግን ገና አልመጣም ነበር። የመጣው አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ሚስቱ ድስቷን ታማስላለች፤ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያችኑ የጣት ልምምድ ይደጋግማል። ድንገት ጣቶቹ እየተከታተሉ ወጡ፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ቀጠለ፤ ድምፁ ሳይበጠስ ቤቱን ሞላው። ሁለቱም ፈዘው ተያዩ።

«አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ ነኝ መሰለኝ።»

«እስቲ ድገመው።»

ደገመው። ማማሰያዋን አስቀምጣ በእግሯ ወለሉን ትመታ ጀመር፤ እሱም ትከሻው እየተወዛወዘ ቀጠለ። ምሳው አረረ። መስኮቱን ከፍተው ጭሱን አስወጡና ዳቦ በሻይ በሉ።