የሰርቪሱ ባዶ ወንበር

ባለፈው ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ አቦ ስሄድ የታክሲው ረዳት፣ "ማዘር፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ" አለኝ። ከጎኔ ያለችው ልጅ "ኧረ የት ድረስ ነው የምንጠጋው!" ብላ ተቆጣች። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ተጠጋሁ። ፈገግታዬን አይታ ግራ ገባት።

አልፈርድባትም። በወጣትነቴ አቃቂ አንድ ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ማሸጊያ ክፍል እሠራ ነበር። አንድ ክረምት የጓሮው መጋዘን ጣራ አፈሰሰና ዱቄቱ ሻገተ። አለቃችን መጣል አልወደደም፤ ስኳርና ቫኒላ አብዝቶ ያስጋግረው ጀመር። ውይ፣ ያ ሽታ! ቫኒላ ዛሬም ቤቴ አይገባም። እኛ አንቀምሰውም፤ ለልጆቻችንም አንሰጥም። ለሌላ ሰው ልጆች ግን አሽገን እንልካለን።

የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች መጡ። አለቃችን ንጹሑን ክፍል አስጎብኝቶ፣ ለስላሳ ጋብዞ፣ በር ላይ ሲሸኛቸው "የጓሮውንስ መጋዘን አላያችሁም?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ለካ የራሴ ነው።

ፋብሪካው ታሸገ። ዱቄቱ ተወግዶ እስኪከፈት ሁላችንም ያለ ደሞዝ ቤት ዋልን። ስንመለስ አለቃው ተቀይሯል፤ አዲሱም ቢሆን "ትንሽ ብታጠፊ አለቀልሽ" አለኝ። እህቶቼን የማስተዳድረው እኔ ነኝና ፈራሁ። የባሰው ግን የፋብሪካው ሰርቪስ ነው። ሰው ቆሞ ይሄዳል እንጂ ከጎኔ አይቀመጥም። አብረውኝ የሚያሽጉት የወሎዋ እትዬ ዘይነባ፣ "የልጆቼን እንጀራ የዘጋሽ!" ብለው በሰው ፊት ጮኹብኝ። ሥራውን ልለቅ ቆረጥኩ።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ሰርቪሱ በሰቃ ፌርማታ ላይ ቆመ። እትዬ ዘይነባ ሻርፓቸው ውሃ እያንጠባጠበ ገቡ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

"ጠጋ በይ እስቲ!" አሉኝ።

ተጠጋሁ። ተቀመጡ። ሻርፓቸውን አስተካከሉና፣ "ትናንት ትንሹ ልጄ የኛን ብስኩት ከሱቅ ገዝቶ ገባ" አሉኝ። "ያኔ ቢሆን እቀማው ነበር።"

"አሁንስ?"

"አሁንማ ቁጭ ብዬ ሲበላ አየሁት። ለኔም ቆርሶ ሰጠኝ፤ በላሁ።"

እንባዬ መጣ። "ደግሞ ዝናቡ አንሶን ነው?" ብለው በሻርፓቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉኝ፤ እሱም ርጥብ ነበር። ሁለታችንም ሳቅን። ውለው አድረው ሌሎቹም ከጎኔ መቀመጥ ጀመሩ፤ እኔም ብዙ ዓመት እዚያው ሠራሁ።

እና ታክሲ ሲጨናነቅ፣ የሰው ክርን ጎኔን ሲወጋኝ፣ እኔ እፎይ ነው የምለው። ለዚያች ለተቆጣችው ልጅም ቦታ ለቀቅ አደረግኩላትና፣ "ነይ የኔ ልጅ፣ ወደኔ ጠጋ በይ" አልኳት።