ከሰልባጅ ጃኬት የተሰፋው ብርድ ልብስ

ሚስቴ ሲቀላ ገበያ ሰልባጅ ክምር ላይ ተንበርክካ ወፍራም የብርድ ጃኬት ስትመርጥ ያየ ሰው ምን እንዳለ እግዜር ይወቀው። አርባ ምንጭ ነው እንግዲህ፤ አንሶላ እንኳ የሚከብድበት ከተማ። ነጋዴው አላስቻለውም።

«እህቴ፣ ይሄን እዚህ ማን ይለብሰዋል? ገዢ አጥቼ የምቀመጥበት እኔ ነኝ» አላት።

«ለዚህ እኮ ነው ከአንተ የምገዛው። በል ቀንስልኝ» አለችው።

ሙሉ ማዳበሪያ ጃኬት በርካሽ ገዝተን፣ ጭነን በባጃጅ ገባን።

ነገሩን ያመጣችው የሰባት ዓመት ልጃችን ናት። እኔና እናቷ ዩኒቨርሲቲ ሳለን ቦርሳ አዝለን ከጨንቻ በላይ ያሉትን ተራሮች እንወጣ ነበር። ፎቶውን አይታ «እኔስ?» ማለት ጀመረች። ባለፈው ክረምት ሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል ተኝታ ስለነበር ቶሎ የምንመልሰው ጥያቄ አልነበረም። እሷ ድናለች፤ ሐኪሙም «እንደ እኩዮቿ ትሩጥ፣ ትጫወት» ብሎ አሰናብቶናል። ያልዳነችው ሚስቴ ናት። ከዚያ ወዲህ አንድም ሌሊት እስኪነጋ ተኝታ አታውቅም። እየተነሳች የልጅቷ ደረት ላይ እጇን ታሳርፋለች፣ ትንፋሿን ታዳምጣለች፣ ትመለሳለች፤ ደግሞ ትነሳለች። ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ነው የምትነሳው። እንዲህ ያለች እናት ልጇን ተራራ ላይ ታሳድራለች ብዬ አልጠበቅኩም። እሷ ግን ስታስብ ሰንብታ «እስከ መቼ ደብቄያት እኖራለሁ? አይብረዳት እንጂ ትሂድ» አለች።

እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ፤ የብርድ ነገር አይሆንልኝም። መጀመሪያ የውጭ አገር የመኝታ ከረጢት ስልኬ ላይ ፈለግኩ፤ ዋጋውን ሳይ ስልኩን ደፍቼ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝቼ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። አንዱን ብድግ አድርጋ መልሳ ጣለችው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ሲሉ አልሰማህም? ሽቅብ እኮ ነው የምንሄደው!»

ተናደድኩ። እውነቷን ስለነበር የባሰ ተናደድኩ።

ሚስቴ ጨንቻ ሸማኔ ቤት ያደገች ናት፤ ጨርቅ በእጇ ነው የምታየው። የጃኬቶቹን እጅጌ ቆረጠች፣ ጀርባና ደረታቸውን እየዘረጋች በስፌት መኪና አያያዘቻቸው። ቀዩ ከጥቁሩ፣ ሰማያዊው ከቡናማው ተጋጥሞ አንድ ሰፊ ብርድ ልብስ ወጣው። የእግሩን ጫፍ እንደ ከረጢት ዘጋችው። ልጃችን ለምና አንድ ኪስ ከነዚፑ አስቀረችና ቆሎ ሞላችበት።

«ለሦስት ሰው አንድ ብቻ?» አልኳት።

«ሸክሙም አንድ ብቻ ይሆናል። ደግሞ ከሰው ገላ የበለጠ ምድጃ የት ታገኛለህ?»

የጃኬቶቹ ሙሌት ላባ ስለነበር ሚዛን ላይ ስናወጣው እኔ ከገዛኋቸው ከአንዱ እንኳ ይቀል ነበር። እንዲህ ዓይነት ጭንቅላት ያላት ሴት እኔን ምን አይታ እንዳገባችኝ እስካሁን አይገባኝም።

ቤታችን ልንሞክረው ገብተንበት ወዲያው በላብ ተጠመቅን። ስለዚህ መጀመሪያ ጨንቻ እናቷ ግቢ ውስጥ አደርንበት። አማቴ «ቤት ሞልቶ ሜዳ ላይ? ልጄ፣ ምን ነካችሁ?» ብለው በር ሳይዘጉ ጠበቁን። ከላይ ተመቸን፤ ከታች ግን ወገባችን ደረቀ። ሚስቴ ራሷን መታች። «የደጋ ልጅ ሆኜ! ብርድ እኮ ከመሬት ነው የሚገባው።» የሚነጠፍ ነገር ብንሸከም ደግሞ ልፋታችን ከንቱ ሊሆን ነው። መፍትሔው ከእሷው መጣ፤ ባዶ ማዳበሪያ አጥፈን ይዘን መሄድ።

ጉጌ ተራራ ላይ የመጨረሻው መንደር ስንደርስ አንዲት እናት አጥራቸው ጥግ እንድናድር ፈቀዱልን። ሚስቴ በጋሞኛ አጫወተቻቸውና የገብስ ገለባ ሰጡን። ማዳበሪያዎቹን ሞልተን፣ የተዋስናት ድንኳን ውስጥ ደርድረን ተኛንባቸው። ልጃችን መሃል ገባች፤ ጀርባዋ እናቷ ደረት ላይ ተለጠፈ። ሚስቴ የልጇን ትንፋሽ ለማዳመጥ መነሳት አላስፈለጋትም፤ እዚያው ደረቷ ላይ ነበር። ቢሆንም እንደለመደችው ትባንናለች ብዬ ስጠብቅ እኔን እንቅልፍ ጣለኝ።

ጠዋት የቀሰቀሰችኝ ልጄ ናት። ከእናቷ እቅፍ ሾልካ ወጥታ ቆሎዋን እየቆረጠመች ነበር። ጉንጯ ቲማቲም መስሏል።

«አባዬ፣ ሞቀኝ» አለችኝ።

ውጭ ሣሩ ውርጭ ለብሷል። ሚስቴ አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች። ልጇ ከእቅፏ ስትወጣ እንኳ አልሰማችም። በዓመት ውስጥ እንዲህ ተኝታ አይቻት አላውቅም።

«እማዬን ልቀስቅሳት?»

«ተያት የኔ እናት፣ ገና አልነጋም» አልኳት።

ፀሐይዋ ድንኳኑን አልፋ ፊታችን ላይ አርፋለች።