ያቆሰለ ይጨርሳል

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ጠጋ እንበል» እያለ ነበር የሚጠራው። ሥራው አዳኞችን ጫካ ይዞ መግባት ነው። ገና ጎሽ አየን ብለው ጠመንጃ ሊያነሱ ሲሉ ክንዳቸውን ይይዝና «ጠጋ እንበል» ይላል። በደረታቸው እያስኬደ የአውሬው ዐይን እስኪታያቸው ድረስ ያቀርባቸዋል። እኔ ደግሞ ጉልበቱ ያለቀ ሱሪና ክርኑ የተቀደደ ሸሚዝ ስጠግን ኖርኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ እግርህ ምን አጥፍቶ ነው በሆድህ የምትሄደው?» እለዋለሁ።

ይስቃል። «ከሩቅ ሲሆን የሚታየው ቀንድ ብቻ ነው። ከቀረቡ በኋላ አይተው የሚተዉትም አሉ።» ሌላም ነገር ነበረው፤ ያቆሰለ ይጨርሳል፣ ቁስለኛ ጥሎ ቤት መግባት የለም ይል ነበር።

ልጃችንም አድጎ እዚያው ሥራ ገባ። አንድ ቀን መነጽር የተገጠመለት ረጅም ጠመንጃ ይዞ መጣና ሳህኖቼን ገፋ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው።

«አባዬ፣ ከእንግዲህ መሬት ለመሬት መሳብ ቀረ። ይኼ ርቀቱንም ነፋሱንም ይነግርሃል። ማዶ ቆመህ ልቡን ነው የምትለው።»

«ጥይቱ እስኪደርስ ጎሹ አንድ እርምጃ ቢራመድስ?»

«አይራመድም።»

«ነግሮሃል?» አለው ባሌ። እኔ ሞኟ ሳቅሁ።

ጎሹ ተራመደ። ልጄ አንዱን እንግዳ አዳኝ ከሸለቆው ማዶ አስተኮሰው፤ ለልቡ የተላከው ጥይት ሆዱን መታው። ጎሹም ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። እንግዳው አውሮፕላን እንዳያመልጠው ቸኩሎ ስለነበር ልጄ ሊሸኘው ሄደ። ለአባቱም ደውሎ «ነገ እንፈልገዋለን» አለው።

ባሌ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

«ያቆሰለ ይጨርሳል ስትል አልነበር? አንተን ምን አገባህ?» አልኩት።

«ነገ ጠዋት ሴቶቹ እዚያ እንጨት ሊለቅሙ ይገባሉ። ደግሞስ ሆዱን የተመታ ነገር እንዴት አድርጎ ያድራል?» ብሎ ወጣ። የቆሰለ ጎሽ ዞሮ መጥቶ ዱካውን የሚከተለውን ሰው ከኋላ ይጠብቃል። ይኼንን ለሰው ሁሉ ሲያስተምር የኖረው እሱ ራሱ ነው። ባሌን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አመጡልኝ።

ልቅሶው ላይ «እሳት አመድ ወለደ» ሲባል ሰማሁ። «አመዱም የኔ ነው!» ብዬ ዝም አሰኘኋቸው። ለቀስተኛው ሁሉ ሲወጣ ግን የልጄን ፊት ማየት አቃተኝ። ምግቡን አቀርብለታለሁ፣ አላናግረውም። እሱም አላለቀሰም፤ ግድግዳውን እያየ «የገደለው ጎሹ ነው» ይላል። አንዱን ቀብሬ የቀረኝን አንዱን ጠላሁት።

ጎሹ አልሞተም ነበር። እየተንገዳገደ ሲሄድ አየነው ብለው ሴቶቹ ወደዚያ መሄድ ተዉ። ልጄ አልጋው ላይ ተቀምጦ ያንን ረጅሙን ጠመንጃ ይወለውላል።

«ማዶ ኮረብታው ላይ ሆኜ ብጠብቀውስ?» አለኝ።

«ከማዶ አንዴ አይተነዋል።» የአባቱን አሮጌ ጠመንጃ ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። «ጠጋ ብለህ ጨርሰው።»

አዎ፣ እኔው ነኝ በገዛ እጄ የሰጠሁት። ባይመለስ ምን እንደምሆን አውቃለሁ። ባይሄድ ደግሞ አባቱ የሞተው ለከንቱ ነው፤ የሌላም ሰው ቤት ይፈርሳል። እሱ ሲወጣ የባሌን ሱሪ አነሳሁና ጉልበቱን ስጠግን ዋልኩ፤ ማን እንደሚለብሰው እንጃ።

አመሻሹ ላይ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሸሚዙ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፣ ክርኖቹ ተልጠዋል።

«ወድቆ አገኘሁት እማዬ። መነሳት አቅቶታል፤ ቁስሉ ተልቷል። አጠገቡ ስደርስ ዐይን ዐይኔን ያየኝ ነበር፤ ጨረስኩት።» ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። «አባዬን ሲጠብቅም እንዲህ ያመው ነበር?»

ያኔ ነው መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቀሰው፣ አባቱ ከሞተ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ይቅር አላልኩትም። ዛሬም ያልኩት አይመስለኝም። ውሃና ሳሙና አመጣሁና እጁን ይዤ ማጠብ ጀመርኩ። ክርኑ ጋ ስደርስ «ያማል» አለኝ።

«አውቃለሁ ልጄ» አልኩት፣ ቀስ እያልኩ አጠብኩለት።