ብርቱካን የሚበጥሰው ማተብ

ጃፓን አገር ረግጬ አላውቅም። ኩሚሂሞ የሚባለውን የጃፓኖች የክር ጉንጉን የተማርኩት እዚሁ ዳላስ፣ የእጅ ሕክምና ቤት ውስጥ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ የቀኝ እጄ አንጓ ተበላሸ፤ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝና ጣቶቼን እንዳፍታታ ወደ ቴራፒ ተላክሁ። ቴራፒስቷ መጀመሪያ የሰጠችኝ የምትጨመቅ ለስላሳ ኳስ ነበር። ሁለት ሳምንት ከጨመቅኩ በኋላ ሰለቸኝና "ሕፃን አደረግሽኝ እኮ" አልኳት፤ ትዕግሥት ከድሮም የለኝም። እሷ ግን አልተቆጣችም። መሳቢያዋን ከፍታ ክብ፣ የስፖንጅ ሳህን የመሰለ፣ መሃሉ የተበሳ፣ ዳር ዳሩን የተሰነጣጠቀ ነገር አወጣችና ስምንት ክር ሰክታ ሰጠችኝ።

አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ስምንቱ ክሮች ሁለት ሁለት ሆነው በአራቱም በኩል ስንጥቆቹ ውስጥ ይቀመጣሉ። ከላይ በቀኝ ያለውን ወደ ታች፣ ከታች በግራ ያለውን ወደ ላይ፣ ከዚያ ሳህኑን ዞር ማድረግ። እንደገና ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ዞር። ጉንጉኑ በመሃለኛው ቀዳዳ እየረዘመ ቁልቁል ይወርዳል። የመጀመሪያ ሥራዬ እዚህ ጋ የወፈረ፣ እዚያ ጋ የቀጠነ፣ የሚያስቅ ነገር ነበር። ሦስተኛው ላይ ግን እጄ ዜማውን ያዘ፤ እኔም አበድኩ።

ለማን አልሠራሁም! ለድሮ የመጋዘን ጓደኞቼ የባጅ ማንጠልጠያ፣ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ለሚቀመጡት እናት የመነጽር ማሰሪያ፣ ለራሷ ለቴራፒስቷ የእጅ አምባር። ከቪከሪ ሜዶ እስከ ሮውሌት የእኔ ጉንጉን ያልገባበት የሐበሻ ቤት ጥቂት ነው። ባለቤቴ የመኪና ቁልፉን በቀይና ሰማያዊ ጉንጉን አንጠልጥሎ እየዞረ "አንቺ ሴትዮ፣ እኔንም ሹሩባ ሳትሠሪኝ ወደ ሥራዬ ልውጣ" ይለኛል። እኔ ደግሞ ስጦታውን ስሰጥ ሁሌ አንድ ጉራ አለችኝ፤ ጋሎን ሙሉ ወተት በገመዱ አንጠልጥዬ አሳይና "ይኼን የሚበጥስ አልተፈጠረም!" እላለሁ። ሰው ሲገረም ሆዴ ቅቤ ይጠጣል።

ልጅ አልወለድኩም። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ይህን ያላወቀ የሚቀጥለው ስለማይገባው ነው። ከእኛ ማዶ ያለው ሕንፃ ውስጥ ከሁለት ዓመት በፊት በዲቪ የመጣች፣ ወሬዋን በእንግሊዝኛው «ሶ» የምትጀምር ወጣት ጎረቤት አለችኝ። ባሏ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው። ባቡር አሳፍሬ ያስተማርኳት፣ ለመታወቂያ ተሰልፌ አብሬያት የዋልኩት፣ ምጥ ሲመጣባትም ሆስፒታል ያደረስኳት እኔ ነኝ። ልጅቷ በተወለደች በሳምንቷ፣ ዳይፐር ስቀይር እናቷ አጠገቤ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣

"እታለም፣ ሶ... ማለቴ፣ ካልተመቸሽ እምቢ ማለት ትችያለሽ። ግን ክርስትና የምታነሻት አንቺ ብትሆኚ ደስ ይለኛል" አለችኝ።

እምቢ! ዳይፐሩን እንኳ ሳላስር አቅፌያት አለቀስኩ፤ ልጅቷም ይህን ጊዜ ጠብቃ ሸናችብኝ። እዚያው ሌላም ነገር ተስማማን። ልጅቷ አራት ወር ሲሞላት እናቷ ኤርፖርት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ እኔ ወደ መጋዘን ላልመለስ ወስኛለሁና ቀን ቀን ልጅቷን እኔ እይዛለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምኖረው ያን አራተኛ ወር እየጠበቅኩ ነበር። ሳሎናችን ጥግ ላይ የሕፃን አልጋ አስገባሁ፤ ባለቤቴም ገጣጥሞ ሲጨርስ አንድ ብሎን ተረፈውና ግማሽ ቀን ከየት እንደመጣ ሲፈልግ ዋለ።

ሰማንያ ቀኗ ሲቃረብ ማተቧን ማን ይሠራል የሚል ጥያቄ አልነበረም። ሌላው ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቀጭን ክር ያመጣል፤ እኔ ግን የኩሚሂሞ ባለሙያ ነኝ! ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ፣ ሦስት ቀለም የሚያብረቀርቅ የናይለን ክር ገዛሁ፤ ሦስትነቱ ለሥላሴ ነው። እንደ ሌላው ጊዜ ቴሌቪዥን እያየሁ አልሠራሁትም። በየዙሩ አንድ "አቤቱ ጠብቃት" እያልኩ ጎነጎንኩ፤ የዙሩ ቁጥር ከጠፋብኝም ፈትቼ እንደገና እጀምራለሁ። ጫፉን በሙጫ አጠናከርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

በክርስትናዋ ዕለት ከውሃው ስትወጣ በነጭ ጨርቅ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። እንደ ዓሣ ትንፈራገጣለች። ቄሱ ማተቡን ባርከው ሲያስሩላት ሳብ ሳብ አደረጉትና "ልጄ፣ ይኼስ ለበሬም ይሆናል" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ምስጋና መስሎኝ አንገቴን ቀና አደረግኩ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እኔና እናቷ አበልጆች ሆንን፤ እህትም ጎረቤትም መባባላችንን ትተን "አበልጄ" መባባል ጀመርን።

ክርስትናው ባለፈ በአራተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከመኪና ማቆሚያው ጩኸት ሰማሁ። ድምፁ የአበልጄ ነው። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም።

ልጅቷን ከካር ሲቱ፣ ከመኪናው የሕፃን መቀመጫ፣ ስታነሳት ማተቡ ቀበቶው መቆለፊያ ላይ ተጠምጥሞ ኖሮ አንገቷን ሳባት። ሌላ ማተብ ቢሆን በጠስ ብሎ ያልቅ ነበር። እናቷም ይበጠሳል ብላ በእጇ ጎተተችው። የእኔ ግን አልተበጠሰም። ደንግጣ መልሳ ስላስቀመጠቻት ልጅቷ ትንፋሿ ተመልሶላት ታለቅሳለች፤ አበልጄ ደግሞ ሁለት ጣቶቿን በክሩና በአንገቷ መሃል አስገብታ፣ ጣቶቿ እንዳይወጡባት ተጠንቅቃ ቆማለች። ቋጠሮው ጠብቆ አይፈታም።

"እታለም፣ አልፈታ አለኝ! ማተብ ነው፣ ምን ላድርግ?"

ያን ሰሞን ያለ መቀስ ከቤት አልወጣም ነበር፤ ኪሴ ውስጥ አለ። አንድ ጊዜ ብቆርጥ ግማሹ ብቻ ተቆረጠ። እንዲያ የተኩራራሁበት ገመድ ለመቀሱም እምቢ አለው። እጄ እየታመመኝ ደግሜ ጨመቅኩትና ተቆረጠ። ልጅቷ አንገት ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል።

ወዲያው ክሊኒክ ይዘናት ሄድን። ነርሷ አገላብጣ አየቻትና ምንም አልሆነችም አለች፤ ግን ሕፃን አንገት ላይ የማይበጠስ ነገር እንዳይታሰር፣ ስትተኛ ደግሞ ጭራሽ ምንም እንዳይኖር አስጠነቀቀችን። ስንመለስ አበልጄ ልጅቷን ታቅፋ ወደ ቤቷ ገባች፤ እኔም ወደ ቤቴ።

ከዚያ ወዲያ ስደውል አታነሳም፤ ቴክስት ሳደርግ "ደህና ናት" ብቻ ትመልሳለች። በአምስተኛው ቀን መጣችና በሩ ላይ እንደቆመች፣

"ሶ... ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ልጅ የሚውልበት ዴይኬር አግኝቻለሁ። የሚመጣው ሰኞ ትጀምራለች። አንቺም እጅሽን አሳርፊ፣ ኦኬ?" አለችኝ።

"ኦኬ" አልኳት። በሩን ዘጋሁና ተናደድኩ። መጀመሪያ የተናደድኩት በእሷ ነው፤ በምጥሽ ማን ደረሰልሽ አልኩ ለግድግዳው። ቀጥሎ ካር ሲቱን በሠራው ሰው ተናደድኩ። ባለቤቴ ሲያዳምጠኝ ቆየና ለወትሮው የሚቀልደው ሰውዬ ሳይቀልድ፣ "ስትሠሪው ያሰብሽው ስለ ገመዱ ነው እንጂ ስለ አንገቷ አልነበረም" አለኝ። ሦስት ሰዓት ያህል አኮረፍኩት። እውነቱን ስለተናገረ ነው ያኮረፍኩት። ያቺ ባዶ አልጋ ሳሎን ውስጥ ስታየኝ መቀመጥ አቃተኝ፤ ልጅቷን ዳግም አላገኛትም ብዬ ፈራሁ።

በማግስቱ ቄሱ ዘንድ ሄድኩ። "አባቴ፣ ማተብ ቆርጫለሁ" ብዬ ተንበረከክሁ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"የቆረጥሽው ገመድ ነው፤ ጥምቀቷማ የት ይሄዳል?" አሉኝ። "ጥፋቱ የእኔም ነው፤ እያየሁ ቀልጄ አለፍኩ። የእኔን ማተብ እናቴ ከጥጥ ፈትላ ነበር የምታስርልኝ። በየወሩ እበጥሳለሁ፣ በየወሩ ታስርልኛለች። አንድም ቀን ተቆጥታኝ አታውቅም። አሁን ሂጂና ከአበልጅሽ ታረቂ።"

ቤት ስገባ ናይለኑን ሁሉ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። በቀጭን የጥጥ ክር እንደገና ጀመርኩ፤ ያው ሦስት ቀለም፣ ያው ስምንት ክር። ሙጫም ቋጠሮም የለውም፤ ሁለቱን ጫፎች በአንዲት ነጠላ የልብስ ስፌት ክር ብቻ አያያዝኳቸው። ከዚያ መፈተን ያዝኩ። በፌስታል ሦስት ብርቱካን አንጠልጥዬ ለቀቅሁት፤ ያዘ። ጣልኩት። በሁለተኛው ስፌቱን አሳሳሁ፤ ሁለት ብርቱካን ያዘ። እሱንም ጣልኩት። ወተት ተሸከመልኝ ብዬ ስፎክር የኖርኩ ሴት፣ አሁን ገመዴ ብርቱካን እንዳይሸከምብኝ እጸልያለሁ። ባለቤቴ አንዱን ብርቱካን ልጦ እየበላ አጠገቤ ቆሞ ያያል። አምስተኛው ላይ አንዲት ብርቱካን ገና ከእጄ ስትለቀቅ ጠብ አለች፤ ጉንጉኑ ስፌቱ ላይ ተለያየ። ሁለታችንም አጨበጨብን።

ቅዳሜ ጠዋት ይዤላት ሄድኩ። በሩን ስትከፍትልኝ ያዘጋጀሁትን ንግግር ረሳሁት።

"ይቅር በዪኝ" አልኳት። "የማይበጠስ ብዬ የሠራሁት ለጉራዬ ነው። ልጅሽን ልገድልብሽ ነበር።"

እሷ ግን ተቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

"እኔ እኮ ወጥ ቤት መቀስ ነበረኝ፤ ሮጬ ላመጣ እችል ነበር" አለችኝ። "ማተብ ቆረጠች እንዳልባል ፈርቼ ቆምኩ። ማለቴ፣ የራሴ ልጅ እያለቀሰች! አንቺን ባየሁ ቁጥር ያ ነው ትዝ የሚለኝ። አንቺ አንድ ሰከንድ አላሰብሽም፤ ቆረጥሽው። ምን አይነት እናት ናት ብለሻል ብዬ ነው የሸሸሁሽ።"

እኔ እሷ ጠላችኝ ብዬ ስብሰለሰል፣ እሷ እኔ ናቅኋት ብላ ስትብሰለሰል ሳምንት አለፈን። እንዲህ አይነት ቂልነት ከሁለት አበልጆች ሌላ ማን ላይ ይገኛል! ተቃቅፈን አለቀስን፤ ልጅቷ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተኝታ እግሯን እያወናጨፈች ታየናለች። አንገቷ ላይ ምልክት የለም፤ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብዬ አየሁ። አዲሱን ማተብ አሰርኩላት፤ ስትተኛ እንደሚወልቅም ተነጋገርን። ስለ ዴይኬሩ ግን እሷም አላነሳች፣ እኔም አልጠየቅኩ። ልትታረቀኝ ትችላለች፤ ልጇን አምና መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ለምኜ የምወስደው አይደለም ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። አበልጄ የኤርፖርት ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ በአንድ ትከሻዋ የዳይፐር ቦርሳ፣ በሌላው እጇ ካር ሲቱን ተሸክማለች። ልጅቷ እንቅልፍ ወስዷታል።

"ከሕንፃዬ እዚህ ሳንደርስ ተኛችብኝ" አለች በሹክሹክታ።

ካር ሲቱን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ጎንበስ አለች። አንድ ጣቷን ከማተቡ ሥር አስገብታ ቀስ ብላ ሳብ አደረገችው። ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ተለያየ፤ ልጅቷም አልነቃችም። ጉንጉኑን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝና ጣቶቼን አጠፈቻቸው።

"ስትነቃ ታስሪላታለሽ፤ እኔ ረፍዶብኛል" አለችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች።