ከአባቴ በፊት የለበሰው

አባቴ ወልደ ሐዋርያት እንጦጦ ላይ የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ነበር። በ1991 ክረምት ብርዱ ሲጠናበት ከሾላ ገበያ፣ ከሳልባጅ ልብስ መሀል፣ ጸጉራም ካፖርት መርጬ ገዛሁለት። ዳሰሰውና ፊቱ ተለወጠ።

"ይሄ እኮ የአውሬ ቆዳ ነው። ሥጋውን በልተውታል?"

"አይበላም፤ ፈረንጅ ለጸጉሩ ብቻ ነው የሚገድለው" አልኩት ሳላስብ።

አልለብስም ብሎ ምስማር ላይ ሰቀለው።

ንድድ አለኝ። "እኔ ነኝ የገደልኩት? አንተ በብርድ ብትሞት አውሬው ይነሳል?"

ነሐሴ ላይ ግን ሳሉ ባሰበትና ለበሰው፤ ሳሉም ተወው። ከዚያ ወዲህ ለሥራ ሲወጣ የካፖርቱን ቁልፎች እየቆለፈ "እግዜር ይስጥልኝ" ይላል። እኔም ደስ እያለኝ "አብሮ ይስጠን" እላለሁ።

ክረምቱ አልፎም ምስጋናው ሳይቆም ሲቀር አፈርኩ።

"አባዬ፣ አንድ ካፖርት ለገዛሁ በየቀኑ ታመሰግነኛለህ?"

"አንቺንማ አመስግኜ ጨርሻለሁ።"

"ታዲያ ማንን ነው? መጀመሪያ የለበሰችውን ፈረንጅ?"

እጅጌውን ቀስ አድርጎ ደባበሰው።

"ከእሷ በፊት የለበሰውን" አለኝ።