ቀዩ ቀለም

የእመቤታችንን መዝሙር ዜማ ያወጣው ጓደኛዬ ለማ ነው። ከበሮውን የምትመታው አስቴር ነበረች፤ ግጥሙን የጻፍኩት እኔ፤ የሚያርመን ደግሞ የአምቦ ሰንበት ትምህርት ቤታችን መምህር ኦቦ ዳባ።

ዛሬ ልጄ የመዝሙር ወረቀቷ ላይ ስሟን በቀይ እስክሪብቶ ስትጽፍ አይቼ ያ ቀን መጣብኝ። ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ቅዱስ ስም በቀይ ይጻፋል። እኔም የእመቤታችንን ስም በቀይ ጻፍኩ፤ ከግርጌ ደግሞ የራሴን በቀይ፣ የለማን በጥቁር።

ኦቦ ዳባ ወረቀቱን በዘማሪዎቹ ፊት ከፍ አድርገው፣ «ጎሽ! ታዲያ በዓልህ በስንት ነው? ጠላ እንጥመቅልህ እንጂ!» አሉ። አስቴር ሳቀች። ሌላ ቅጂ ያልነበረውን ወረቀት ከእጃቸው ነጥቄ ቀደድኩት፤ የአስቴርም ሳቅ በዚያው ቀረ።

«ዜማዬንም አብረህ ቀደድከው» አለኝ ለማ። ከዚያ ወደ ጌዶ ከተማ ሄደ፤ አልተመለሰም።

ሽማግሌው እውነት ነበራቸው። ቂሜን ግን አልጣልኩም፤ ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ አልቆምኩም። ለልጆቼ ትሕትናን የማስተምረው እኔው ነኝ።

ዛሬም «ቀዩ የማን ነው?» ብዬ ልጄ ላይ ጮህኩባት።

«የኔ ነው፣ አባዬ» አለችና እስክሪብቶውን ከኋላዋ ደበቀች።

ያ አንድ ቀይ ስም አስቴርን ሳቋን፣ ለማን ዜማውን፣ ኦቦ ዳባን አንድ ቀባሪ፣ እኔን ጓደኛዬን አሳጣን። እመቤታችንም አንድ መዝሙር ቀረባት።