ለክርስትና ልጄ የሰጠኋት እንክብል

ይህን እስካለፈው ወር ድረስ ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ። ጾም በገባ ቁጥር ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የገደፍኩትን ጾም ሳይቀር ዘርዝሬያለሁ። ይህን ግን ዘልዬዋለሁ። የዘለልኩት አፍሬ ነው ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ። ለብዙ ጊዜ በጎ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ሃያ ሁለት አካባቢ ፋርማሲ አለኝ፤ ያን ጊዜም ነበረኝ። በሰፈሩ የምታወቀው ለተማሪ የእርግዝና መከላከያ ባለመሸጥ ነበር። ዩኒፎርም ለብሳ የገባችን ልጅ ከላይ እስከ ታች ገላምጬ፣ እናትሽን ይዘሽ ነይ ብዬ አሰናብታለሁ። እናቷን ይዛ የተመለሰች አንዲትም አልነበረችም። የእድራችን ሴቶች በዚህ ይመርቁኝ ነበር፤ እኔም ምርቃቱ ይጥመኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቅድስት መጣች። ቅድስት የጎረቤቴ የአስካለ ልጅ ናት፤ ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የትምህርት ቤቷ ዓርማ እንዳይታይ የዩኒፎርሙን ሹራብ ገልብጣ ለብሳዋለች። ሰው እስኪወጣ የጥርስ ሳሙና የምትመርጥ መስላ ቆየች። ከዚያ ቀረብ ብላ ከፍቅረኛዋ ጋር ትናንት የሆነውን አንገቷን ደፍታ ነገረችኝ፤ የድንገተኛውን መከላከያ እንድሰጣት ለመነችኝ። እርስዎም እናቴ ነዎት ብዬ ነው የመጣሁት አለችኝ።

መድኃኒቱ ከኋላዬ መደርደሪያ ላይ ነበር። እሱን ትቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ሁለት የቫይታሚን እንክብል ከማሸጊያቸው ፈልቅቄ በመዳፌ ይዤ ወጣሁ። ውሃ ቀዳሁላት። እፊቴ ዋጠቻቸው።

"በቃ?" አለችኝ።

"በቃ። ሁለተኛ እንዳይለምድሽ" አልኳት። ትከሻዬን ስማኝ ሄደች።

ዋሸኋት። እኔ ክርስትና እናቷ፣ እኔ ባለሙያዋ፣ ነጭ ጋዋን ለብሼ ዋሸኋት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ምንም አይመጣም ብዬ ነው? ይህን የሚል ሰው ቢመጣብኝ ቀድሜ የምስቅበት እኔው አይደለሁም? ወይስ ደንግጣ ትታረም ብዬ? የምትደነግጠው ብታውቅ አይደል? እንዳታውቅ ያደረግኳት እኔ ነኝ።

የወር አበባዋ ሲቀር የፈተና ጭንቀት ነው ብላ ዝም አለች። መድኃኒት ውጣለች፣ ምን ያሳስባታል? ሆዷ ሲገፋ አባቷ ከቤት አስወጣት፤ ገርጂ አክስቷ ዘንድ ተጠጋች። ጓደኞቿ ለማትሪክ ሲቀመጡ እሷ አልተቀመጠችም። ማን ያውቅ ነበር፣ ማንን አማከርሽ ተብላ ስትፋጠጥ የእኔን ስም አላነሳችም። ውለታ የዋልኩላት መስሏት ደበቀችልኝ። እኔም ተደበቅሁ።

ሴት ልጅ ወለደች። አስካለ መጥታ፣ ቅድስትን ያነሳሽ ይቺንም አንሺልን አለችኝ። አነሳኋት። ካህኑ ፊት ሕፃኗን ታቅፌ፣ በእሷ ፈንታ ሰይጣንን ክጄሃለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሴቶቹ እልል አሉ። ያን ቀን ራሴን ጠላሁት።

ዛሬ ለመጣችብኝ ተማሪ ሁሉ እሰጣለሁ። አስቀምጬ አስረዳታለሁ፤ ስለ እናቷ አልጠይቃትም። የእድሩ ሴቶች ፋርማሲዬ ድረስ መጥተው፣ የሰው ልጅ ታበላሻለሽ ብለው ወርፈውኛል። ይውረፉኝ። ልጅ ባበላሸሁበት ዘመን ሲመርቁኝ ነበር፤ ያን ምርቃታቸውን መልሰው ይውሰዱልኝ። ከፈለጉም ከእድሩ ይሰርዙኝ፣ ስሞት የሚቀብረኝ አላጣም። መደርደሪያዬን ግን ማንም አያዝበትም። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ዘመኑ እንደዚያ ነበር፣ ሃይማኖቷ አስገድዷት ነው እያላችሁ እንዳትሟገቱልኝ። ሃይማኖቴ ዋሺ አላለኝም። ጠበቃ አልፈልግም።

ባለፈው ወር ቅድስት ራሷ መጣች። አሁን ኤርፖርት ካርጎ ውስጥ ትሠራለች፤ ልጇን የምታሳድገው ብቻዋን ነው። ለራሷ መከላከያ ፈልጋ ነበር የመጣችው። የቱ እንደሚሻላት ስነግራት ሳቅ ብላ፣ "የእኔ ሰውነት እኮ መድኃኒት አይቀበልም መሰለኝ፤ ያኔም አልሠራልኝ" አለችኝ። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ጥፋቱን በገዛ ሰውነቷ ላይ አድርጋ ኖራለች። ከዚህ በላይ መስማት አልቻልኩም። በሩን ዘጋሁና ነገርኳት። ቫይታሚን እንደነበረ፣ ተሳስቼ ሳይሆን አውቄ እንደሰጠኋት ነገርኳት። ይቅር በይኝ አላልኳትም። ልጅነቷን ወስጄ ይቅርታዋን ደግሞ ጨምሪልኝ ልበላት?

አልጮኸችም። ባንኮኒውን በሁለት እጇ ያዘች።

"እምቢ ቢሉኝ ኖሮ እኮ ሌላ ፋርማሲ እሄድ ነበር" አለች።

"አውቅ ነበር" አልኳት። "እምቢ ያላልኩሽ ለዚያ ነው።"